ሮክ በጦሳ ተራራ ሥር፦ ስለ ላይቭ ኮንሰርት የጠየቃችሁኝ

ባለፈው «በዓይናችሁ ካያችሁት ኮንሰርት የቱን ትመርጣላችሁ? ሮክ ያየ ካለ ደግሞ ይንገረን» ብዬ ነበር። ምርጫችሁን ትልካላችሁ ስል ጥያቄ ላካችሁልኝ። ይሁን፤ ጥያቄውም ከምርጫው አላነሰም። መልስ አለኝ የምለውን መርጬ፣ ስማችሁን ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ይዤ ቀርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ሮክ የማውቀው በስልኬ ብቻ ነው። ጊዜው ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ የሮክ ኮንሰርት ላይ ይገኙ ቢባሉ የትኛው ጋ ይሄዳሉ? ዉድስቶክ ይሆን? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ዉድስቶክስ ይቅርብኝ። ኦገስት 1969 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ፣ አንድ የወተት ላሞች እርባታ ላይ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ሰፈረ፤ ዝናቡም አልማራቸውም። ጭቃ ለማየት ደግሞ በክረምት ከሰኞ ገበያ መራቅ አያስፈልገኝም። ይበልጥ የሚያናድደኝ የጊታሪስቱ የጂሚ ሄንድሪክስ ነገር ነው። መዝጊያው እሱ ነበር፤ ፕሮግራሙ ሲጓተት አድሮ መድረክ የወጣው ሰኞ ጠዋት ሆነና አብዛኛው ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል።

ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ባንድ ልጆችም በ1965 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ «ሺ» በሚባል ስታዲየም ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫውተዋል። ታዳሚው ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ድምፅ ማጉያው ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አይበቃም፣ ልጆቹ የራሳቸውን ዘፈን አይሰሙም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ወረዱ። እዚያ መገኘት ታሪክ ነው፤ ሙዚቃ ግን ሰማሁ አያሰኝም።

እኔ የምሄደው ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ነው፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ለኢትዮጵያ ረሃብ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ በተባለው ኮንሰርት ላይ፣ ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የተጫወተባትን 20 ደቂቃ ለማየት። ብዙዎቹ እንደ መጣላቸው ሲወጡ እነዚህ ለዚያች 20 ደቂቃ ቀናት ተለማምደው ነው የመጡት። ዘፋኛቸው ፍሬዲ መርኩሪ ግማሽ ዘንግ ብቻ የቀረውን ማይክ ይዞ «ኤ...ኦ» ሲል ሰባ ሺህ ሰው ይመልስለታል። ከፍ ያደርጋል፣ ይከተሉታል፤ ያጠማዝዘዋል፣ ይከተሉታል። እኛ አዝማሪውን «ተቀበል!» ብለን ግጥም እንወረውርለታለን፣ እሱ በመሰንቆው ይመልስልናል። ፍሬዲ አቅጣጫውን ገለበጠው እንጂ ነገሩ ያው ነው። መድረኩ ከታዳሚው ካልተቀበለ ለእኔ ኮንሰርት አይደለም፤ ቤቴ ሆኜ ብሰማው ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ በ77ቱ ረሃብ ኮረም መጠለያ የነበረ ልጅ ነው። ላይቭ ኤይድ ሲነሳ «ለእኛ ዘፈኑ አሉ፤ እኛ የሰማነው የለም» ይላል። ይህን ኮንሰርት ምርጥ ማለት ይከብደኛል። እርስዎስ አይከብድዎትም? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ይከብደኛል። ደብዳቤህ የመጣው ከላይ ያለውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ አልሰረዝኩትም፣ ግን አጠገቡ የአባትህ ቃል መቀመጥ አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጥቅምት 1977 የቢቢሲው ማይክል ብዩርክ እና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በቴሌቪዥን ታየ። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን አይቶ ጓደኞቹን ሰበሰበ፣ መጀመሪያ አንድ ዘፈን አወጡ፣ በሐምሌው ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ሁለት መድረክ ተከለ። 16 ሰዓት ያህል ዘለቀ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ፊል ኮሊንስ ለንደን ተጫውቶ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን ተሻግሮ ፊላደልፊያም ደረሰ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ይህን ሁሉ አላጣጥልም፤ በዚያ ገንዘብ የተረፈ ነፍስ አለ።

ግን አባትህ የሚሉት ሌላ ነው። ረሃቡን ድርቅ ብቻውን አላመጣውም፤ ጦርነቱ ነበረበት፣ መንግሥት ረሃቡን መደበቁም ነበረበት። የወሎ ገበሬ እህል ፍለጋ መንገድ ላይ ሲወድቅ፣ መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ታከብር ነበር። ይህ የዌምብሌይ ሰው የሚያወራው ነገር አልነበረም። ከሁለቱ መድረክ በአንዱም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልቆመም። ስለ ወሎ ሰው ተዘፈነ፣ የወሎ ሰው ግን ግጥም አልሰጠም። ስለዚህ የኩዊንን 20 ደቂቃ እወዳለሁ፤ ስለ ቀኑ ሙሉ ፍርድ የሚሰጡት አባትህ እንጂ እኔ አይደለሁም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እሳቸው ራሳቸው ከዚያ በኋላ በዓይናቸው ያዩት የመጀመሪያ የሙዚቃ ትርኢት የቱ እንደሆነ ጠይቅልኝ። የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድንን አይተው፣ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትለው ሰምተው ከሆነ፣ ከዌምብሌይ ይልቅ ያንን ማንበብ እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ጊታር እየተማርኩ ነው። ጓደኞቼ «ሮክ የፈረንጅ ነው፣ ከእኛ ቅኝት ጋር አይሄድም» ይሉኛል። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር፣ ጓደኞችህ ጊታር ስላልያዙ ነው። አሁን ያዝና ተከተለኝ። ወፍራሙ ክር ላይ 5ኛና 8ኛ ፍሬት (የጊታሩን አንገት የሚከፋፍሉት ብረቶች)፤ በቀጣዮቹ ሦስት ክሮች ላይ 5ኛና 7ኛ፤ በቀሩት ሁለት ቀጫጭኖች ላይ 5ኛና 8ኛ። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት በዓለም ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት ሳጥን ይህች ናት፤ ድምፆቿ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው። ከባቲ ቅኝት አንዱን ዓይነት፣ ባቲ ማይነርን፣ ከኤ ብትጀምረው ምን ታገኛለህ? ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። አንድም አልጎደለም። ጓደኞችህ የፈረንጅ ያሉት ነገር ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች ከተማ ስም ይጠራል!

በእርግጥ ድምፆቹ አንድ ሆኑ ማለት ዜማው አንድ ነው ማለት አይደለም። የት እንደምትቆም፣ የቱን ድምፅ እንደምታሽ፣ ወደ ቤት በየት በኩል እንደምትመለስ፣ ባቲን ባቲ የሚያደርገው እሱ ነው። ብሉዙ ያቺን ሲ ትንሽ ወደ ላይ ይጎትታታል፤ የእኛ ሰው ደግሞ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሻገር በጉሮሮው ያንቀጠቅጠዋል። ጣትህ ይህን ካልለየ ሁለቱንም ታበላሻለህ።

አምባሰልንም ሞክር። ወፍራሙን ክር ክፍቱን ምታ፣ ከዚያ 1ኛ ፍሬት፤ ወደሚቀጥለው ክር ተሻገርና ክፍቱን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውን። ያቺ የመጀመሪያዋ የግማሽ ድምፅ እርምጃ ሄቪ ሜታል የሚጫወቱት የሚሞቱላት ናት። የጊታሩን ድምፅ በዲስቶርሽን አሻክረው፣ ቀስ ብለህ ምታት፣ ከዚያ ጎረቤት እስኪቆጣ ጠብቅ። ይህን መንገድ ከአንተ በፊት የሄዱበት አሉ፤ ጃኖ ባንድ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ይዞ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ያወጣው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ አድርጎት ነው። አልበሙን ከወደድከው መድረክ ላይ ልታያቸው ሞክር፤ ሮክ ከድምፅ ማጉያው ፊት ቆመህ ደረትህ ላይ ሲያርፍ ነው የሚገባህ።

ጥያቄ፦ አንድ ስታዲየም ውስጥ ኮንሰርት ገብቼ ከኋላ ቆሜ ነበር። በትልቁ ስክሪን የዘፋኙ አፍና ድምፁ አይገጥምም። ወንድሜ «ፕሌይባክ ነው፣ የተቀዳ ዘፈን ከፍቶ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ተሸወድሽ» ይለኛል። (ከወልዲያ)

መልስ፦ ይህ ብቻውን መሸወድሽን አያሳይም። ድምፅ በሰከንድ የሚሄደው 340 ሜትር ያህል ነው፤ ምስሉ ግን ወዲያው ይደርስሻል። ከመድረኩ 170 ሜትር ብትርቂ ድምፁ በግማሽ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህ ደግሞ ሞቅ ባለ ዘፈን አንድ ሙሉ ምት ነው። ለዚህ ነው ከፊት ያሉትና ከኋላ ያሉት ሲያጨበጭቡ የማይገናኙት። ባለሙያ ያለበት ኮንሰርት ላይ መሐል ሜዳው ላይ ተጨማሪ ስፒከር ተክለው ድምፁን ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ ከመድረኩ ከሚመጣው ጋር እንዲገጥም።

ፕሌይባክን በሌላ ያዢው። ዘፋኙ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ሲያዞር የራሱ ድምፅ ከቀጠለ፣ እየዘለለ ትንፋሹ ካልተሰማ፣ ዘፈኑ ካሴቱ ላይ ባለቀበት ቦታ ልክ ካለቀ፣ ያኔ ወንድምሽ ልክ ነው። ሙሉ የትኬት ዋጋ አስከፍሎ በፕሌይባክ አፍ መክፈት ሌብነት ነው፤ ለስላሳ ቃል አልፈልግለትም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮንሰርት አምሽቶ ሲመጣ «ጆሮዬ ይጮህብኛል» ይለኛል። ልከልክለው? (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ እትዬ፣ አይከልክሉት፤ ከስፒከሩ ሥር አትቁም ይበሉት። 85 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ይቻላል ይባላል፤ በየ3 ዲሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ሙዚቃ ለሚቀርብባቸው ቦታዎች ያወጣው ጣሪያ ይኸው 100 ነው። ፋርማሲ ውስጥ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ከተገኘ ይግዙለት፣ ዘፈኑን አይከለክለውም። ጩኸቱ በማግስቱም ካልለቀቀው ግን ለጆሮ ሐኪም ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከከተማው ራቅ ብዬ ዳገት ላይ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ከሜዳው የሚመጣው ዘፈን ቃሉ ሳይቀር ይሰማኛል፤ ቀን ሲሞክሩት ግን ጉምጉምታ ብቻ ነው። ጆሮዬ ነው? (ከጦሳ ወዲህ)

መልስ፦ አባባ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ቀን ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ከታች ያለው አየር ይሞቅና ድምፁ ወደ ሰማይ ይታጠፋል። ማታ ሲበርድ ይገለበጣል፤ ታች ቀዝቃዛ፣ ላይ ሞቃት ይሆንና ወደ ላይ የሄደው ድምፅ ታጥፎ ይመለሳል። የከተማው ጫጫታም ያኔ ይቀንሳል። ትኬት ሳይገዙ መስማትዎን ለአዘጋጆቹ አልናገርም።

ጥያቄ፦ በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሳለሁ በሰዓት እላፊ ምክንያት ሆቴል ውስጥ ተቆልፎብን እስከ ንጋት እንጨፍር ነበር። ያንን የሚተካ ኮንሰርት አላየሁም። የአሁን ልጆች ይህን ያውቃሉ? (ከኩታበር)

መልስ፦ ጋሼ፣ አያውቁም፤ ቢያውቁ ይቀኑ ነበር። አይቤክስ በተባለው ባንድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ፣ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ ሲጫወቱ ታዳሚው መውጫ የለውም፣ ባንዱም መውጫ የለው። ያን ያህል ሰዓት ፊት ለፊት ተያይቶ የሚያድር ሙዚቀኛ ሰው ምን እንደሚፈልግ ሳይነገረው ይገባዋል። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛው ለምን ጎበዝ ሆነ ለሚሉኝ ከምሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ሰዓት እላፊው ግን አይናፍቀኝም።

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ እውነተኛ የሮክ ኮንሰርት መቼ ነው የምናየው? (ከብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ አዘጋጅ ነኝ የሚል ካለ መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ ይግዛ፣ ያውም ሁለት። ወሎ ላይ ኮንሰርት የሚደግስ ሰው የሁዳዴን 55 ቀን ይዘላል፣ ረመዳንን ይዘላል፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀደም ብሎ ስለሚገባ ዘንድሮ የተመቸ ወር ከዓመታት በኋላ አይመችም። ክረምቱ ሜዳውን ያጨቀየዋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም አለ። ስሌቱን ስሠራው ከመስቀል ማግስት እስከ ኅዳር 14 ያለው የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

ብርዱ እንዳለ ነው። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለደሴ ሰው አይብራራለትም፤ ሆጤ ሜዳ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ያለ ጋቢ ቆሞ ሮክ የሚሰማ ካለ ይሞክረው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመር፣ ሳይመሽ ይለቅ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ይኑር፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት እንጨት ነው። አጃቢ ይሁን ካላችሁ አንድ አዝማሪ መካከል ላይ አስገቡልኝና ለባንዱ ጊታሪስት ባቲን ይወርውርለት፣ ይቀበል አይቀበል እንይ። የመጀመሪያውን ትኬት እኔ እገዛለሁ። ፕሌይባክ ከሆነ ግን ገንዘቤን አስመልሳለሁ፣ የወልዲያዋን ልጅና ወንድሟን ይዤ ነው የምመጣው።