ውሻችን ለታማሚ ልጄ ሊደርስላት ይችላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሐዋሳ ከተማ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ነው። የ19 ዓመት ልጄ ከ11 ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒቷን በየዕለቱ ብትወስድም በወር አንድ ሁለት ጊዜ ይጥላታል። ባለፈው ጥር ብቻዋን ቡና ስታፈላ ከሰል ምድጃ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጠለ። ያን ዕለት ከጓሮ የጠራኝ ጩኸቱን አላቋርጥ ያለው የግቢያችን ውሻ ቡቺ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሟ በዚያ አገር ሕመምተኛ የሚረዱ የሠለጠኑ ውሾች እንዳሉ ሰምቶ አንድ ገዝቶ ሊልክልን አስቧል። እሱ ይሻላል ወይስ ቡቺን ማሠልጠን ይቻላል?
ወ/ሮ ት.፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ ወ/ሮ ት.፣ በልጅዎ ላይ የደረሰውን ስናነብ በጣም አዝነናል፤ ክንዷም ፈጥኖ እንዲድን እንመኛለን።

ወንድሟ የሰማው እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት አጋዥ ውሻ የሚባለው ከባለቤቱ ጉዳት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ነው፤ አጠገብ ሆኖ ማጽናናቱ ብቻ ለዚህ ስም አያበቃውም። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንዲረዳ የሠለጠነ ውሻ ሰውየው ሲወድቅ ይጮኻል፣ ቤተሰብ ይጠራል፣ የማንቂያ ደወል ይጫናል፣ እስኪነቃም ድረስ ከጎኑ ይተኛል። ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ማስጠንቀቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከባለቤታቸው ጋር ሲኖሩ በራሳቸው ይህን የሚያደርጉ ውሾች እንዳሉ ቢነገርም፣ በሥልጠና በአስተማማኝነት የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ስለዚህ «አስቀድሞ የሚያውቅ ውሻ» ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሻጭ ቢያጋጥመው ወንድሟ ገንዘቡን እንዳያወጣ አጥብቀው ይንገሩት። እንዲህ ያለውን ውሻ ማሠልጠን እስከ ሁለት ዓመት የሚወስድ ሲሆን ወጪውም በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይገመታል። ከውሻው ጋር ወደ ሱቅና ወደ ሆስፒታል የመግባት መብት የሚሰጠው የአሜሪካ ሕግም ውሻውን ተከትሎ ሐዋሳ አይመጣም።

ቡቺ ጥሩ ጅምር አሳይቷል። ሆኖም በጣም የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። ቀን ታስሮ ውሎ ማታ የሚለቀቅ የግቢ ጠባቂ ውሻ፣ ልጅዎ ወድቃ ሳለ ሊያነሷት የሚመጡትን ጎረቤቶች ሊነክስ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ጎረቤቶችን ይልመድ፤ በእጃቸው ያብሉት፣ ልጅዎ መሬት ላይ ተኝታ ሳለ እየቀረቡ ይዩት። ካጉረመረመ ወይም ካስፈራራ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እንደ ቀድሞው ግቢ ቢጠብቅ ይሻላል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ ያስከትቡት። ሰው ከነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ጠባዩ ከፈቀደ ጩኸትን ሳይሆን ደወልን ያስተምሩት፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሻ በሚጮኽበት ሰፈር አንድ ጩኸት ሰምቶ ከአልጋው የሚነሣ ሰው የለምና። ከደወል ላይ በገመድ የታሰረ ቁራጭ ጨርቅ በአፉ ከፍታ ልክ ይንጠልጠል። ጨርቁን በጎተተ ቁጥር ወዲያውኑ ቁራጭ ሥጋ ይስጡት። ይህን ሲለምድ ልጅዎ የወደቀች መስላ ትተኛና ጨርቁን ሲጎትት ብቻ ይሸለም። ልምምዱ አጭር ይሁን፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለወራት። መምታት ፈጽሞ አያስፈልግም። ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ከሃይማኖት ወይም ከልማድ አንጻር ቅር የሚያሰኛቸው ቢኖሩ፣ ደወሉ ከበረንዳው ላይ ይሁንና በሩ ክፍት ይዋል።

ደወሉን ሰምቶ የሚመጣው ሰው የሚያደርገውን ካላወቀ ግን የቡቺ ድካም ከንቱ ይሆናል። በእኛ ዘንድ የሚጥል በሽታ የጣለውን ሰው ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል፣ ማንኪያ በጥርሱ መካከል ያስገባሉ፣ ይተላለፋል ብለው የሚሸሹም አሉ። በሽታው በመንካት አይተላለፍም፤ የክብሪቱ ጭስ አይጠቅምም፤ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል። ከእሳትና ከስለት ያርቋት፣ የታጠፈ ነጠላ ከራሷ ሥር ያድርጉ፣ በጎኗ ያስተኟት፣ ሰዓት ይመልከቱ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ባጃጅም ቢሆን ይዘው ሆስፒታል ይድረሱ። ይህን ለጎረቤቶችዎ በቡና ሰዓት፣ ልጅዎ ፈቅዳ እሷም ባለችበት ያስረዷቸው።

በወር አንድ ሁለት ጊዜ መውደቋን ግን እንደ ዕጣ ፈንታ አይቀበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሚገባ ከታከሙ ሕሙማን እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፤ ስለዚህ የወደቀችባቸውን ቀናት ጽፈው ይዘው ወደ ሐኪሟ ይመለሱ፣ መጠኑን ወይም የመድኃኒቱን ዓይነት ይመልከቱላት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ከሰሉን ብቻዋን አታቀጣጥል።

ወንድሟ ግን መርዳቱን አይተው። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ በባትሪ የሚሄድ ገመድ አልባ የበር ደወል ይላክላችሁ። ተቀባዩን መሣሪያ ቀን ቤት ከምትውለው ጎረቤትዎ ዘንድ ያኑሩት፤ ድምፁ ከቤቷ በግልጽ መሰማቱንም በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ይሞክሩት።