ዘይት ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፣ ግን በፍቅር ነው።

ያለፈው መስከረም ሰፈራችን አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው መጡ። የአረጋውያን ቀን ነው ተባለ። ቀኑን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1990 እ.ኤ.አ. የወሰነው ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 1 ሲሆን በእኛ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21 ላይ ይውላል። የግሸን ማርያም ዕለት ማለት ነው። ስለዚህ ከሰፈራችን እናቶች ግማሾቹ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፣ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው የለማ! ቤት የተገኙትን ግን ዘይትና ዱቄት ሰጧቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የሚጠጋ አንዲት ጎረቤቴን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዘይቱን አስታቅፈው ፎቶ አነሷቸው። ተመረቁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሚኒባሱ ሄደ።

ማታ ቡና ላይ እኚህ እናት «ልጆቹ ምን ፈልገው ነው የመጡት?» አሉኝ።

«ዘይት ሊሰጡዎት ነዋ» አልኳቸው።

«እሱስ ገባኝ። ከእኔ ምን ፈልገው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ከእሳቸው ምንም አልፈለጉም ነበር።

በዚህ ኑሮ ዘይት ይናቃል እያልኩ አይደለም። አምጡ፣ እንቀበላለን። ግን እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ሒሳብ ስመረምር ኖሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ የወጣሁ ኦዲተር ነኝ፣ እና አንዱ ወገን ብቻ የተጻፈበት ሒሳብ አይዘጋልኝም። ወጣት ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይቀበላል፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ዝግጅት ሰው አያገናኝም።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት ልንገራችሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ከተማ ላይ ተጀምሮ ኋላ ገጠር ሲገባ እኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደርግን እያመሰገንኩ አይደለም፣ ያ ዘመን ጓደኞቼን በልቷል። ዘመቻው ግን ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋ ያስተማረ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሃይምነት ማጥፋት ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነው። የደረሰኝ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ አያቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ማታ በኩራዝ ሀ ሁ ስጽፍላቸው ዝም ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሀ ሁው ይቆየኝ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን አሳየኝ» አሉኝ። ለካስ እህል የሚሸጡለት ነጋዴ ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንደፈለገ ያነብላቸዋል።

ቁጥር በሁለት ሳምንት ጨረሱ። በለውጡ እኔን ስንዴ አስተማሩኝ። ፍሬውን በፊት ጥርስ ትነክሰዋለህ፣ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ከተለመጠ ውሃ አለበት፣ ውሃውን በስንዴ ዋጋ እየገዛህ ነው ማለት ነው። ኋላ ኦዲተር ሆኜ መጋዘን ቆጠራ በወጣሁ ቁጥር እህል እነክስ ነበር። አንድ የንብረት ሠራተኛ «ጋሼ፣ ምሳ አልበሉም እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል።

እኚያ ሴት ከእኔ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው፣ እኔም ከእሳቸው የማገኘው ነበረኝ። ማንም ማንን ሊጎበኝ አልመጣም።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። እድር ስትባሉ የሽማግሌ ነገር፣ ድንኳንና ንፍሮ ብቻ እንደሚመስላችሁ አውቃለሁ። ግን አጥኚዎች እንደሚሉት የከተማው እድር የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ከገጠር አዲስ አበባ ገብቶ ዘመድ በሌለበት አገር «ብሞት ማን ይቀብረኛል» ባለ ሰው ነው የተመሠረተው። የብዙዎቹ ያን ጊዜ ዕድሜ የእናንተ ዕድሜ ይሆናል። ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችንም እድር የሚያቋቁሙት በዚሁ ጭንቀት ነው።

የእኛን እድር ጸሐፊነት እኔ ይዤዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የአንድ አባላችን ልጅ፣ አይቲ ተምሮ ሥራ እየፈለገ ያለ፣ «ጋሼ፣ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ላስገባልዎት» አለኝ። መዝገቡ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈ፣ እኔ ራሴ አንዳንድ ቦታ የማላነበው ነገር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ቁጭ አልን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል። እገሌ፣ ሐምሌ ከፍሏል፣ ነሐሴ ከፍሏል። ባለቤቴ ሻይ ታመጣለች፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ታሞቃለች።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ልጁ ቆም አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ድምር አልመጣም። በ180 ብር ይለያያል።»

አላመንኩም። መነጽሬን ቀየርኩ። 4,680 ብሎ የተጻፈውን ወደሚቀጥለው ገጽ ሳሻግር 4,860 ብዬዋለሁ፣ ስህተቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ተሸክሜው ዞሬያለሁ። ልዩነቱ ለ9 እኩል ከተካፈለ ቁጥር ገልብጣችሁ ይሆናል፣ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ እያልኩ ስንት ጀማሪ ያሠለጠንኩ ሰው! 180 ለ9 ሲካፈል 20። ልጁ ሳቁን ለመደበቅ ሻይ ጠጣ።

ቀጥሎ ደግሞ የእሱ ተራ ደረሰ። ሥራውን ሲጨርስ ውዝፍ ላለበት አባል ሁሉ በአንድ ጊዜ የስልክ መልእክት ላከ። «የ14 ወር ውዝፍ መዋጮዎን በቴሌብር ያጠናቅቁ» የሚል። ያላወቀው ነገር፣ መዝገቡ ላይ አንዳንድ ስም አጠገብ በእስክሪብቶ ትንሽ ነጥብ አለች። ነጥብ ያለበት ሰው አይጠየቅም። መክፈል የማይችል ነው፣ ሌላ አባል በስውር ይሸፍንለታል። የድሮው ዳኛችን ናቸው እንዲህ ያደረጉት፣ ሰው ድህነቱ መዝገብ ላይ አይጻፍበት ብለው። የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን፣ እኔም ለልጁ መንገር ረሳሁ።

በማግስቱ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት መጡ። መልእክቱን የልጅ ልጃቸው አንብባላቸዋለች። ነጠላቸውን ጫፉን ፈትተው ብሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት። ብዙው አሥር አሥር ብር ነው። «መኖሬን ረስታችሁ መስሎኝ ነበር፣ ዕዳዬን ግን አልረሳችሁም» አሉ። ልጁ አጠገቤ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላየም። ብሩን መልሰው እንዲቀበሉ ለማግባባት ዳኛው ሁለት ጊዜ ቤታቸው መሄድ ነበረባቸው።

ልጁ ይቀራል ብዬ ነበር። ቅዳሜ በሰዓቱ መጣ። ኤክሴሉ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሯል፣ ርዕሱ «ነጥብ» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ስለዚህ ምከረን ካላችሁኝ፣ ለአንድ ቀን የሚሆን ዝግጅት አታስቡ፣ አብራችሁ የምትሠሩት ሥራ ፈልጉ። በአባታችሁ ስም ሳይሆን በራሳችሁ ስም እድር ግቡ። በጊዜ ግቡ ደግሞ፣ የእድሩ ንብረት በጨመረ ቁጥር የአዲስ አባል መመዝገቢያ ይወደዳል። በየክረምቱ የአቅመ ደካማ ቤት እናድሳለን የምትሉም በርቱ፣ ቢያንስ ቆርቆሮው ይቀራል፣ ብቻ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት የቤቱን ባለቤት ውሃው በየት እንደሚገባ ጠይቁ። ሃያ ክረምት አይተውታል።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩት በተለይ ስሙኝ። ሰፈራቸው በልማት ተነሥቶ ከጎረቤታቸው ተለያይተው የመጡ ስንት ሽማግሌዎች እናንተ ሕንፃ ውስጥ አሉ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን አለ። ጄሪካኑን አውጡላቸው፣ ጥሩ ነው። ግን ደግሞ የቤታችሁን ቁልፍ አደራ ስጧቸው። ሥራ ስትውሉ ቧንቧ ሠሪውን የሚያስገባላችሁ፣ ዕቃ የሚቀበልላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል፣ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ቁልፍ የያዘ ሰው ስታመሹ ይጠይቃል፣ ስትታመሙ ያንኳኳል። አንዳንዴም ይነዘንዛል፣ ቻሉት።

ሆላንድ ውስጥ ዴቬንተር በምትባል ከተማ ሁማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ያኖራል። ክፍያቸው በወር 30 ሰዓት ጥሩ ጎረቤት መሆን ነው። ማስታመም አይደለም፣ አብሮ መብላት፣ ስልክና ኮምፒውተር ማሳየት፣ መጫወት። የወደድኩት ኪራዩን ነው። ተማሪውም ቤት ስለሚያስፈልገው ነው የገባው፣ ይህን ማንም አይደብቅም።

የእኛን ጥፋትም ልናገር፣ አለበለዚያ ትታዘቡኛላችሁ። እኛ ሽማግሌዎች «ወጣቱ ጠፋ» እንላለን፣ ሲመጣ ደግሞ ድንኳን እናሸክመዋለን፣ ስብሰባ ላይ እጁን ሲያወጣ አናየውም። በእኛ እድር ከአርባ ዓመት በታች የሆነ የኮሚቴ አባል ኖሮ አያውቅም ነበር። ባለፈው ምርጫ ያን ልጅ ምክትል ጸሐፊ እንዲሆን ስጠቁመው አንዱ ወዳጄ «ልጅ ምን ያውቃል?» አለ። 180 ብሯን ተናገርኩ። ቤቱ ሳቀ፣ በእኔ ነው የሳቀው፣ ልጁም ተመረጠ።

ባለፈው ወር ስብሰባ ቀረ። የሥራ ፈተና ነበረበት፣ ግን አላስፈቀደም፣ ደንቡ ደግሞ ለሁሉም ያው ነው። 50 ብር ተቀጣ። ወዲያው በቴሌብር ልኮ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ስክሪንሾቱን አዩት?»

«አይቼዋለሁ። ቅዳሜ መጥተህ ካርኒህን ውሰድ።»

«እንዴ፣ ስክሪንሾቱ አይበቃም?»

«ካርኒ ጨርሻለሁ፣ ስትመጣ አዲስ ጥራዝ ገዝተህ ና» አልኩት።