ትኩሳቱ ታይፎይድ ነበር ወይስ ሌላ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ወታደር ነኝ፤ ለዕረፍት ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ነው ያለሁት። መስከረም 5 ከአንዲት ልጅ ጋር ያለ ኮንዶም አደርኩ። ጭንቀቱ እንቅልፍ ሲነሳኝ መስከረም 17 ጣቴን ተወግቼ ኤችአይቪ ተመረመርኩ፤ ኔጋቲቭ ተባልኩ። በ21 ግን ኃይለኛ ትኩሳት ያዘኝ። ጉሮሮዬ ቆሰለ፣ የአንገቴ ዕጢ አበጠ፣ ደረቴ ላይ ሽፍታ ወጣ። አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድና ታይፈስ» ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በሳምንቱ ለቀቀኝ። በጥር ሠርጌ ነው። እጮኛዬ ደሴ ናት፤ ወረቀቱን ላሳያት? ጓደኛዬ ደግሞ «ደም ለግስ፣ በዚያው ይመረምሩሃል» ይለኛል። ዛሬ ጥቅምት 12 ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀኖቹን ቆጥረህ ስለጻፍክልኝ ተባረክ። አብዛኛው ሰው «ቅርብ ጊዜ» ብሎ ይተወዋል።

ወረቀቱን አታሳያት። ወረቀቱ አልዋሸም፤ ስለ መስከረም 5 ግን ገና ምንም አያውቅም። የጣት ምርመራው ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትህ ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ እስኪታይ ከ3 ሳምንት እስከ 3 ወር ይወስዳል። ዊንዶው ፔሬድ የምንለው ይሄንን ነው። አንተ የተመረመርከው በ12ኛው ቀን ነው።

ትኩሳቱን በተመለከተ፣ እኛ አገር ያተኮሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» ነው። ደሴ ጤና ጣቢያ ስሠራ እኔም ስንቱን እንደዚያ ብዬ ሸኝቻለሁ። የአንተም ሊሆን ይችላል። ግን ኤችአይቪ አዲስ ሲገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ የሚያሳየው ምልክት ልክ አንተ የጻፍከው ዓይነት ነው። ደግሞ ራሱ ይለቃል። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ሠራ ብለን የምንታለለው።

ወታደር ስለሆንክ አንድ ነገር ልንገርህ። የአሜሪካ ጦር ከ1985 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ወታደሮቹን ይመረምራል፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን እየደጋገመ። የጦሩ ተመራማሪዎች ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ታይላንድ ውስጥ ፈቃደኞችን በሳምንት 2 ጊዜ ጣታቸውን እየወጉ ተከታትለዋል። ቫይረሱ ደም ውስጥ ከተገኘ በኋላ በ13 ቀን ገደማ ብዛቱ ጫፍ ይደርሳል። ያኔ የጣት ምርመራ ገና ኔጋቲቭ ሊል ይችላል፤ ሰውየው ግን ለሌላው የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

አንድ ሾፌር ትዝ ይለኛል። ከ3 ዓመት በፊት የተሰጠውን የኔጋቲቭ ወረቀቱን በላስቲክ አስለብጦ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ይዞ ይዞራል። ሴት ሲያገኝ ወረቀቱን አውጥቶ ያሳያታል። «የወረቀቷ ጊዜ አልፏል» ስለው ተቆጣኝ።

ጓደኛህ የሚልህን አትስማው። ዊንዶው ፔሬድ ላይ ያለ ደም ምርመራውን አምልጦ ታማሚ ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ምርመራ ከፈለግክ መንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ አለልህ። ኮምቦልቻ ሰው ያየኛል ካልክ የሐረጎን ዳገት ውጣና ደሴ ተመርመር።

ዛሬ 37ኛ ቀንህ ነው፤ ነገ ዛሬ ሳትል ሂድ። ፖዘቲቭ ከሆነ በሌላ ምርመራ ተረጋግጦ መድኃኒቱን ወዲያው ትጀምራለህ፤ በቀን አንድ ክኒን ነው። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ከቀነሰና እንደዚያው ከቆየ በግንኙነት ወደ ሚስትህ አይተላለፍም። ኔጋቲቭ ከሆነ ታኅሣሥ 5 ድገመው። የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ይመቻል፤ ያ ቀን ልክ 90ኛው ነው፣ ከሠርጉም ይቀድማል። እስከዚያ ያለ ኮንዶም አትቅረባት። ከመስከረም 5 ወዲህ አብራችሁ ሆናችሁ ከሆነ እሷም ትመርመር፤ ምክንያቱን ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንተ ትስማው።

(ለሌሎቻችሁ፦ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ 72 ሰዓት ሳያልፍ ጤና ተቋም ድረሱ። ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ለዚህ ወንድማችን ጊዜው አልፎበታል።)