ኤምፒአይ ልማር ወይስ ካፍካ? ብላ ለጠየቀችኝ ተማሪ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ለሌሎችም እንዲገባ ላሳጥረው። የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። ላብ ውስጥ ሥራ ፈተው የቆሙ አራት ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ ስዊች አገናኝተሽ ክላስተር (እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ስብስብ) ሠርተሻል። ፕሮጀክትሽ ሙቀት በላሜራ ላይ እንዴት እንደሚሰራጭ ማስላት ነው። ማሽኖቹ በምን ይነጋገሩ ስትይ አንዱ ጓደኛሽ ኤምፒአይ አለሽ (አንድን ስሌት ተካፍለው የሚሠሩ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት መስፈርት ነው)፣ ሌላው ጂአርፒሲ፣ ሦስተኛው ደግሞ «ካፍካ ካላወቅሽ ሥራ አታገኚም» ብሎ አስደነገጠሽ።

ለፕሮጀክቱ ኤምፒአይ ነው፣ አትጨነቂ። የመጀመሪያው እትሙ ከወጣበት ከ1994 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ስሌት የተዘጋጀ ነው። ላሜራውን ለአራት ታካፍያለሽ፣ በየዙሩ ጎረቤታሞች የድንበራቸውን ረድፍ ይለዋወጣሉ፣ በቃ። ካፍካ መልእክቱን ዲስክ ላይ ጽፎ ያቆያል፣ ተቀባዩ ነገ ቢመጣም ያገኘዋል። ለክፍያ መዝገብ ግሩም ነው፣ ላንቺ ግን የትናንት ረድፍ ምን ይሠራልሻል? ጂአርፒሲ ደግሞ አንዱ ጠይቆ ሌላው ሲመልስ ነው የሚያምርበት።

የሥራው ነገር ሌላ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኤምፒአይ የሚል የሥራ ማስታወቂያ አገር ውስጥ እምብዛም አላይም። በብዛት የሚፈለገው በአየር ትንበያና በምርምር ማዕከላት ነው። ግን ትልልቅ የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሞዴሎች በብዙ ማሽን ሲሠለጥኑ የሁሉንም ውጤት ደምሮ ለሁሉም መመለስ አለ፣ ኦልሪዲዩስ ይሉታል፣ እሱን ኤምፒአይ ላይ ነው በደንብ የምትማሪው። ስለዚህ አልከሰርሽም።

ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የመሣሪያ ስም መደርደር አያዋጣም። ለምን እንደመረጥሽው በቁጥር ስታስረጂ ነው ጠያቂው ቀና የሚለው። ለምሳሌ አንድ ረድፍ 4000 ቁጥር ቢኖረው፣ እያንዳንዱ 8 ባይት ነውና 32 ኪሎባይት ይሆናል። በጊጋቢት ኔትወርክ ባንዴ ብትልኪው ወደ 0.3 ሚሊሰከንድ ነው። አንድ አንድ ቁጥር እየላክሽ መድረሱን ብትጠብቂ፣ አንዱ 50 ማይክሮሰከንድ (ማይክሮሰከንድ የሚሊሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው) ቢፈጅ እንኳ ጠቅላላው 200 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ ያውም ለአንድ ዙር ብቻ! ከእህል በረንዳ ጤፍ በእፍኝ በእፍኝ ማመላለስ ማለት ነው። ሁለቱንም መንገድ ሞክሪና የራስሽን ቁጥር ጻፊ። ኢንፊኒባንድ የሚባለው በጣም ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት መዘግየቱን ወደ 1 ወይም 2 ማይክሮሰከንድ ያወርደዋል፣ ግን ለአራት አሮጌ ማሽን ገንዘብ አታባክኚ።

በነገራችን ላይ ፕሮግራሙን ከመውቀስሽ በፊት ኬብሉን እዪ። እኔ ኔትወርክ ላይ ስሠራ ሁለት ሳምንት ኮድ ስቀያይር ከርሜ፣ ለካ አንዱ ኬብል ውስጡ ተበጥሶ መስመሩ ሳይነግረኝ ወደ 100 ሜጋቢት ወርዷል። ሊኑክስ ላይ ኢትቱል የሚባለው የኔትወርክ መስመር መፈተሻ ፕሮግራም በአንድ ትእዛዝ ያሳየኝ ነበር፣ ማን አስታወሰው!

ሌላው፣ በተለመደው አሠራር አንድ ማሽን ከሞተ የኤምፒአይ ሥራው በሙሉ ይቆማል። መብራት እንደሚሄድ እያወቅሽ ይህን ካላሰብሽበት ፕሮጀክትሽን በመምህራን ፊት በምታቀርቢበት ቀን ታፍሪያለሽ። በየ500 ዙሩ ውጤቱን ዲስክ ላይ አስቀምጪ፣ ከዚያ ሆን ብለሽ አንዱን ኮምፒውተር ከመብራት ንቀዪውና፣ መልሰሽ ስታስነሺው ሥራው ካቆመበት መቀጠሉን አሳዪ። አንድ ጥፋት አይተሽ እንዴት እንደተወጣሽው መናገር መቻልሽን ባንክም ሆነ ቴሌኮም የሚቀጥር ሰው ይወደዋል።

ሲቪሽ ላይ «ኤምፒአይ አውቃለሁ» የሚለውን መስመር አጥፊው። በምትኩ አራት ማሽን፣ ስንት ዙር፣ በአንድ ማሽን ስንት ደቂቃ፣ በአራቱ ስንት ደቂቃ ብለሽ ጻፊ። አራቱ ከአንዱ ከዘገዩም አትደብቂው፣ ምክንያቱን ካገኘሽው እንዲያውም ደስ ይለኛል። ቁጥሮቹን ላኪልኝና ሲቪውን አብረን እናስተካክለዋለን።