መልስ፦ ሲታጠፍ ዛብ ላይ የሚደገፍ ፈረስ

«ፈረሴ በሶምሶማ ሲታጠፍ ዛቡ (በእጅ የሚያዘው የልጓም ጠፍር) ላይ ይደገፍብኛል፤ በእግሬ ስነካውም ቶሎ አይመልስም» ላልከው፦

ወንድሜ፣ እልኸኛ ሆኖ እንዳይመስልህ። ፈረስ ዝም ብሎ ሲቆም እንኳ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የፊት እግሮቹ ላይ ነው። አንተ ስትጨመርበት ይብሳል። ዛቡን በጎተትክ ቁጥር ደግሞ መደገፊያ እየሰጠኸው ነው።

20 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ በሶምሶማ ሂድ። ከዚያ ወደ እርምጃ አውርደው፤ ሦስት አራት እርምጃ ብቻ፣ እንደገና ሶምሶማ። ልታወርደው ስትል መጀመሪያ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ትንፋሽህን አውጣ፣ ዛቡን ለአፍታ ጨበጥ አድርገህ ወዲያው ልቀቀው። ዋናው መልቀቁ ነው! ብዙዎቻችን መያዙን እንጂ መልቀቁን አንለማመድም። ሲገባው አንድ ጆሮው ወደ አንተ ዘወር ይላል፤ እጅህም ቀለል ይልሃል።

እግርህን በተመለከተ፣ አንዴ በስሱ ንካው። ካልመለሰ አንዴ ጠንከር አድርግና ሲሄድልህ ተወው። ሳያቋርጡ መጎሰም ጎኑን ያደነዝዘዋል።

በሁለቱም አቅጣጫ 20 ደቂቃ ይበቃል። ጠባዩ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን ከልምምዱ በፊት ጀርባውንና ጥርሱን ለእንስሳት ሐኪም አሳይ፤ ኮርቻውም ልኩ መሆኑን እይ።