ስልኮቹ አይፒ አግኝተው ለምን አይመዘገቡም?

ወንድሜ፣ የቢሮህ የሲስኮ ስልኮች ከዊንዶውስ ሰርቨሩ አይፒ እያገኙ «ሬጂስተሪንግ» ላይ ተገትረው ቀሩ ነው ያልከው። እንግዲያው ዲኤችሲፒው፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ አይፒ የሚያድለው አገልግሎት፣ ግማሽ ሥራውን ሠርቷል። የቀረው ስልኩ ሴቲንጉን ከየት እንደሚያወርድ መንገር ነው።

ለሲስኮ ይህን የሚነግረው ዲኤችሲፒ ከአይፒው ጋር የሚልከው ኦፕሽን 150 የሚባል መረጃ ነው። ዊንዶውስ ላይ ተዘጋጅቶ አታገኘውም፣ ራስህ ትፈጥረዋለህ። ሰርቨሩ ላይ የዲኤችሲፒ መስኮቱን ክፈትና አይፒቪ4 ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ «ሴት ፕሪዲፋይንድ ኦፕሽንስ» ግባ፣ ከዚያ «አድ» በል። ኮዱ 150። ዳታ ታይፑን «አይፒ አድሬስ» አድርገው፣ «አሬይ» የሚለውም ላይ ምልክት አድርግ። እዚህ ጋ ተጠንቀቅ! እኔ አንዴ ዳታ ታይፑን «ስትሪንግ» (ተራ ጽሑፍ) ብዬው ግማሽ ቀን ኬብል ስነቅል ስሰካ ዋልኩ። አድሬሱ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፣ ስልኩ ግን ወይ ፍንክች። ከፈጠርከው በኋላ የስልኮቹ ስኮፕ (ለስልኮቹ የተመደበው የአይፒ ሬንጅ) ውስጥ ገብተህ የቲኤፍቲፒ ሰርቨሩን፣ ማለትም ስልኩ ሴቲንጉን የሚያወርድበትን ሰርቨር፣ አይፒ ሙላ።

ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ኦፕሽን 66ም አለ። ሲስኮ ሁለቱንም ካገኘ 150ን ያስቀድማል፣ ስለዚህ በ66 አትድከም። ስልኮችህ የሌላ ኩባንያ፣ ያሊንክ ወይም ግራንድስትሪም፣ ቢሆኑ ኖሮ 66ን እልህ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። ስልኮቹ ያገኙት አይፒ ከኮምፒውተሮቹ ሬንጅ ከሆነ፣ ቮይስ ቪላን (ለስልኮች የተለየው የኔትወርክ ክፍል) ውስጥ አልገቡም ማለት ነው። ያኔ ችግሩ ስዊቹ ፖርት ላይ ነው፣ ሰርቨሩን አትነካካ።

ስትጨርስ አንዱን ስልክ ነቅለህ ሰካና ኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ «ቲኤፍቲፒ ሰርቨር 1» የሚለውን ተመልከት። ያንተ አድሬስ ከሌለ እዚሁ ጻፍልኝ።