የተሰበረውን ኦርጅናል ሳትለካ ኮፒ አትግዛ

ሰላም ወንድሜ። የእ.ኤ.አ. 1930ዎቹ መኪናህ ጣሪያ ማጠፊያ አንዱ ክንድ ተሰብሯል። ጣሪያውን ከፓራብሬዛው ጋር የሚይዘው መቆለፊያም በአንድ በኩል የለም። «ኮፒ ገዝቼ ልገላገል ወይስ ኦርጅናሉን ልፈልግ?» ነው ጥያቄህ።

እኔ ብሆን አልቸኩልም። ኮፒው ማማሩን ያምራል፤ ጣጣው ቀዳዳው ላይ ነው። ክንዶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። አንዱ ክንድ ላይ ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ከተዛነፈ፣ ጣሪያው ፓራብሬዛው ጋ ሲደርስ ስህተቱ በዝቶ ታገኘዋለህ። አንዱ ጎን ይገጥማል፣ ሌላው ይንጋደዳል። ስለዚህ የተሰበረው ኦርጅናል ከደህናው ኮፒ ይሻላል። ትክክለኛው ልክ ያለው እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃው ከምን እንደተሠራ ለይ። ማግኔት አስጠጋ። ጥብቅ አድርጎ ከያዘ ብረት ነው። ሳብ ብቻ ካደረገ አትመነው፤ የኒኬል ቅቡም ማግኔት ይስባል። ከጀርባ፣ በማይታይ ቦታ፣ በሞረድ ትንሽ ፋቅ አድርገህ እየው። ቢጫ ከሆነ ናስ ወይም ነሐስ ነው። ግራጫ ሆኖ ከባድ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ቀላል ከሆነ አሉሚኒየም።

ዚንክ ከሆነ ጠንቀቅ በል። የዚያ ዘመን እጀታና መቆለፊያ ብዙው ከእሱ ነው የተሠራው። በቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከገባ ዕቃው ከውስጥ እየተበላ ያብጣል፣ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. በ1929 በጣም ንጹሕ ዚንክ የሚጠቀመው ዛማክ የተባለው ቅይጥ ከመጣ በኋላ ነገሩ እየተሻሻለ ሄደ። ያበጠና መላ አካሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ለመጠገን አትድከም፤ ለሞዴልነት አስቀምጠው። ላዩ ብቻ ከተቦረቦረ ግን ይድናል። የተቦረቦሩት ጉድጓዶች ይጸዳሉ፣ መዳብ ይቀባል፣ በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ሶልደር ይሞላሉ፣ ይላግና እንደገና መዳብ፣ ከዚያ ኒኬልና ክሮም። ተራ ብየዳ ግን አይሞከርም። በ380 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ ቀልቶ እንኳን አያስጠነቅቅህም፤ ድንገት ይፈሳል። ኮምጣጤ ውስጥም አትዘፍዝፈው፣ ይበላዋል።

ክንዱ ግን ብረት ይመስለኛል። ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ የወጣ (ካስት) ከሆነ በኤሌክትሪክ አይበየድ። ብየዳው ዙሪያ ይደርቅና ከጎኑ ይሰነጠቃል። በነሐስ ዘንግ፣ በጋዝ አስበይደው። ከዚያ በፊት ሁለቱን ቁራጭ ጠፍጣፋ ብረት ላይ በቡሎን እሰራቸው፣ ርዝመቱ እንዳይለወጥ። ልኩን ከየት አመጣለሁ ካልክ ከሌላኛው ጎን ነው፤ የግራው የቀኙ ግልባጭ ነው። የላላ መገጣጠሚያ ካለም ሪቬቱን በመዶሻ አታጥብቀው። ቀዳዳውን አስፍተህ የነሐስ ቡሽ (ፒኑ የሚዞርበት ቀለበት) አስገባና አዲስ ፒን በቶርኖ አስወጣ።

የጠፋውን መቆለፊያ ስትፈልግ በመኪናው ስም ብቻ አትፈልግ። አንድ የዕቃ አምራች ለብዙ ብራንድ ያቀርብ ነበር፤ ለምሳሌ ተርንስቴት የተባለው ድርጅት የጄኔራል ሞተርስ መኪኖችን የበርና የመስኮት ዕቃ ይሠራ ነበር። በልክ ፈልግ። የፊቱንና የጀርባውን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አንሳ። ከቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ያለውን ርቀት ጻፍ። ጀርባው ላይ ቁጥር ካለ ጨምር። ቀኝ ይሁን ግራ ሳትናገር ከቀረህ የተሳሳተው ጎን ይላክልሃል። በአሜሪካ በሄርሺ በየዓመቱ በኦክቶበር የሚደረገው፣ በእንግሊዝ በቦሊዩ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የታወቁ ናቸው። እኔ ከተወለወለው ዕቃ ይልቅ ጠረጴዛ ሥር ያለውን ድብልቅልቅ ሳጥን ነው መጀመሪያ የማየው። ሻጩ ራሱ ምን እንደያዘ አያውቅም።

ካጣህ በቀለጠ ናስ አስቀርጽ። ግን ናስ ሲቀዘቅዝ ወደ 1.5 በመቶ ይኮማተራል። የ200 ሚሊ ዕቃ 3 ሚሊ ያህል ያጥራል ማለት ነው። ስለዚህ ኦርጅናሉን እንዳለ ለሞዴል አትስጥ። ስካን አስደርገህ በዚያው መጠን አሳድገህ በ3ዲ ፕሪንተር አሳትመው፤ በዚያው ግራውን ወደ ቀኝ ትገለብጠዋለህ። ቀዳዳውን ቀራጩ አይብሳው። ራስህ መኪናው ላይ ለክተህ በትራፓኖ ብሳው።

ክሮም የመጨረሻ ሥራ ነው። ሁሉንም ገጥመህ ጣሪያውን ደጋግመህ ክፈት፣ ዝጋ። ከተስማማህ በኋላ ፍታና ላክ። ጥርስ ያለበትን ቦታ አስሸፍን፣ አለዚያ ቅቡ ወፍሮ ቡሎኑ አልገባ ይላል። የመቆለፊያውን ሞላ ግን አውጥተህ አስቀር። አሲዱና ቅቡ ሃይድሮጅን ያስገቡበትና ኋላ ጭነት ሲያርፍበት ቀጭ ይላል።

እስከዚያው የቀረውን መቆለፊያ ጀርባ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን። የማግኔቱንም ውጤት ጻፍ።